በሁለት ምት ዶማ የተመረመረው መሬታችን

የለም ጓድ በዛብህ፤ ቤቱ የፈረሰው ሲሚንቶውን ሴቶች ስላቦኩት አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በቀብሩ ማግስት፣ ማኅበርተኛውን ሰብስበው ይህንን ከተናገሩ በኋላ ወደ ጸሐፊው ዘወር ብለው «ይቺ ቃለ ጉባኤ ላይ አትግባ» ስላሉት ቃልዎ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። እኔ ግን ከጸሐፊው ጀርባ ቆሜ ስለነበር በጆሮዬ መዝግቤዋለሁ። እርስዎ ያላስጻፉትን እኔ መጻፌ ድፍረት መሆኑን ባውቅም፣ የእርስዎን ያህል ሰው የተናገረው ነገር መልስ ሳያገኝ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነውና በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ሰላምታ ሳላቀርብ በመጀመሬም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ክቡር ጓድ በዛብህ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ መርማሪ ክፍል ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? እግርዎ የሚረግጠው ሁሉ ዐለት፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ በርዎ በክረምትም በበጋም ያለ መላጊያ የሚዘጋ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህንኑ ለራሳችን ተመኝተን አልሠራልንም፤ ስለዚህ ምንም ሳይነካ እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

እኔ የላብ ፍሬ የቤት ሥራ ማኅበር አባል የሆኑት የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ ብርቅዬ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲሄዱ ከመንገዱ በታች ካሉት አርባ ሁለት ቤቶች ውስጥ በታችኛው ረድፍ ቁጥር ሠላሳ አራት ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ አስተማሪ ላይ ጠመኔ ወርውሬ ሲሆን፣ ጠመኔው አልሳተም። ከዚያ ወዲህ በቀን ሥራ አሸዋና ብሎኬት ስለምሸከም፣ ስለ አፈር የምናገረው ከደብተር ያገኘሁት ሳይሆን በጀርባዬ ያጠናሁት መሆኑን በቅድሚያ እንዲያውቁልኝ ያህል ነው። ይህ ደብዳቤ በካርቦን በሦስት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ዛሬውኑ በሰው እጅ ለእርስዎ ተልኳል፤ አንዱ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ለስኳር ተሰልፎ ሲውል ዓይኑ ሥራ ፈትቶ እንዳይውል። ሦስተኛው የት እንዳለ በመጨረሻ እነግርዎታለሁ።

አንደኛ፣ ያንን ሲሚንቶ እንጨርሰው።

የሞቱት ጋሽ ወልደሰንበት የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድሩና ቀን ይተኛሉ። ያለፈው እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የቤት ቁጥር ሠላሳ አምስት የጓሮ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲወድቅ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ እሙ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር። ሲሚንቶው የቀጠነ ቢሆን ኖሮ፣ ጓድ፣ ግድግዳው ብሎኬት ብሎኬቱ እየተላቀቀ ይረግፍ ነበር፤ ጋሽ ወልደሰንበትም ምናልባት እጃቸው ወይ እግራቸው ተሰብሮ ይተርፉ ነበር። ያ ግድግዳ ግን አንድም ብሎኬት ሳይላቀቅ፣ ከነልስኑ፣ እንደ ትልቅ በር ተገንድሶ ነው የተኛባቸው። አሥራ አንድ ሰው ሆነን ልናነሣው ሞከርን፤ አልተነሣም። በመዶሻ እየከሰከስን ነው ያወጣናቸው፤ መዶሻ ከያዙት አንዷ እኔ ነበርኩ። አምና ያ ግድግዳ ሲሠራ ከጎረቤታችን ከዘሀራ ጋር ሆኜ ሲሚንቶውን ያቦካሁትም እኔው ነኝ፤ በወንፊት የተነፋ አሸዋ፣ አንድ ለሦስት፣ ግንበኛው «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ምሽግ ነው እንዴ የምንሠራው?» እስኪለን ድረስ። ስለዚህ ሴቶች ያቦኩት ነው ሲሉ ተሰደብኩ ብዬ አይደለም የተናደድኩት። የተናደድኩት፣ ያን ቀን መዶሻውን ይዤ ምነው ባቀጠንኩት ኖሮ ብዬ ስለነበር ነው።

ግድግዳው የወደቀው ከሥሩ ነው። መሠረቱ በአንድ በኩል አብጦ ተነሣ፣ በሌላ በኩል ሰመጠ፤ የቀረው ተከተለ። ይህንን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። እርስዎም በለቅሶው ቀን ጎንበስ ሊሉ ሲሉ አይቻለሁ፤ ወዲያው ግን መነጽርዎን ጠርገው ቀና አሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው ያለንን ምስጋና ማቅረብ ግዴታችን ነው።

በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ዕጣ ከማውጣታችን በፊት መሬቱ ቤት ይሸከም እንደሆነ ሊመረምሩልን እንደሚመጡ መሥሪያ ቤትዎ ከአራት ቀን በፊት በደብዳቤ አስታወቀን። ምነው ባላስታወቀን! በዚያ ወር የታችኛው ረድፍ መሬት ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቶ ነበር። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይገባል፤ የዘሀራ ዶሮ ገብታ በዘንቢል ነው የወጣችው። እንግዳ ይመጣል ሲባል ደግሞ እኛ ጋ ቤት ይጠረጋል፤ ቤት ስላልነበረን መሬቱን ጠረግነው። የማኅበራችንም የቀበሌያችንም ሊቀመንበር የሆኑት ጓድ ደመቀ እሑዱን የዘመቻ ቀን አደረጉት። ለመንገድ ሥራ ተከምሮ የቀረውን ቀይ ገረጋንቲ በጆንያና በባሬላ እያመላለስን ጥቁሩ አፈር ላይ ስንዝር ተኩል አለበስንና በግንድ ጠቀጠቅነው፤ ውኃ ረጨንበት፤ ዘፈንን። ቀድሞ ለጨረሰው ቡድን ተጨበጨበ። ስንጥቁ አንድ እንኳ አይታይም ነበር፤ መሬቱ እንደ ሙሽራ ፊት ለስልሶ ያምር ነበር። መሬቱ አይሆንም ተብሎ ከተመለሰ ሌላ አራት ዓመት ተራ እንጠብቃለን የሚል ፍርሃት እንደነበረንም አልደብቅዎትም። እኔ በግሌ ሃያ ሰባት ጆንያ ተሸክሜያለሁ።

ማክሰኞ መጡ። ላንድሮቨርዎ ከአስፋልቱ አልወረደም። ነጭ ጫማ አድርገው ነበር፣ ያምር ነበር። ዶማ ጠየቁ፤ ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ። ሾፌርዎ ተቀብሎዎት ሁለት ጊዜ መታ። ቀይ ወጣ። «ይኼማ ዐለት ነው፤ ፎቅ ይሸከማል» አሉ፤ እልልታው ቀለጠ። ለአርባ ሁለት ቤት አንድ ጉድጓድ፣ ለጉድጓዱ ሁለት ምት፣ ለሁሉም አንድ ገጽ ወረቀት። ቆይታዎ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ ከዚያ ላይ አሥሩ ለስላሳ የጠጡበት ነው።

ሦስተኛ ቢመታ ኖሮ ጥቁሩ ይወጣ ነበር። ዶማው ወደ እጄ ሲመለስ እኔው ልመታው እችል ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጓድ ደመቀ ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል፤ እናቴ ከደስታዋ ብዛት ታለቅሳለች። ጠመኔ ለመወርወር የማይሰንፈው እጄ ያን ቀን ሰነፈ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ማንም ቀንሱልኝ አልልም፣ እርስዎም በዚህ ጀርባ እንዲደበቁ አልፈቅድም። እኛ ቤት ፈላጊዎች ነበርን፤ ጉድፋችንን ሸፈንን። መርማሪው ማን ነበር?

ሦስተኛ፣ የጋሽ ዳባ ነገር።

ጋሽ ዳባ ማኅበራችን ሳይመሠረት በፊት እዚያ መሬት ላይ ሦስት ላሞች የነበሯቸው፣ አሁን ደግሞ የሰፈሩን የመጸዳጃ ጉድጓድ በመቆፈር የሚተዳደሩ ሽማግሌ ናቸው። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ከሥር ምን እንዳለ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ቦታ ወርደው አይተውታልና። ያን ማክሰኞ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡና ኮፍያቸውን አውልቀው እንዲህ አሉዎት፦ «ጌታዬ፣ ይኼ ቀዩ የትናንት ወዲያ ነው። ሥሩ ጥቁር ኮትቻ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይከፈታል። እኔ በሐምሌ እንኳን ቤት ላም አላቆምበትም ነበር።»

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ «አባባ፣ መሬቱ የሰፊው ሕዝብ ሆኗል፤ አሁንስ ይርሱት!» አሏቸው።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሦስት ላም ባላባት አደረጓቸው። ጋሽ ዳባ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና፣ «መልሱልኝ መች አልኩ? ቆፍሩት ነው ያልኩት» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው እጃቸውን ሲያወጡ «ደሞ መሬታቸውን ሊሉ ነው» እየተባለ ዕድል ተነፈጋቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ይህ ሽማግሌ ምን ፈልጎ ነው የሚለፋው ብሎ አልጠየቀም። ጋሽ ወልደሰንበትን ስናወጣ ከመጡት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ «ብያችሁ ነበር» ይላሉ ብዬ ፊታቸውን ፈራሁት። አላሉም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ፍርስራሹን መጥረግ ጀመሩ።

አራተኛ፣ ከገባን በኋላ ስለተደረገልን እንክብካቤ።

የገባነው ሰኔ 1975 ላይ ነው። በሐምሌ በሩ አልዘጋ አለ፤ ላግነው። በነሐሴ እንደገና ያዘ፤ ላግነው። በጥር መሬቱ ሲኮማተር በሩና ጉበኑ ተለያይተው የሰፈር ድመት ሁሉ ያለ ፈቃድ ይገባ ጀመር። ከመስኮቱ ጥግ የተነሣው ስንጥቅ በፋሲካ ጣሪያው ጋ ደረሰ። አመለከትን፤ እርስዎም ደግነትዎ አላስችል ብሎዎት ከሌላ ክፍለ ሀገር ጎብኚዎች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሁለት ለሳኝ ላኩልን። ስንጥቁ ተለሰነ፣ ኖራ ተቀባ፤ ጎብኚዎቹ አጨብጭበው ሄዱ። እኔ ግን ከደብተሬ ወረቀት እየቀደድኩ በየስንጥቁ ላይ አግድም በሙጫ መለጠፍና ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ግድግዳው ዝም ካለ ወረቀቱ ይቆያል፤ ከተንቀሳቀሰ ይቀደዳል። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ተቀደዱ። ከደብተሬ ትምህርት ያገኘሁት ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ መሆኑን ለአስተማሪዎቼ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

በግንቦት የበራችን ደረጃ ሰመጠ። እናቴ ባልዲ ይዛ ስትወጣ እግሯ ከዳት፤ ጭኗ ተሰበረ። ጄሶ ውስጥ ሆና ከተኛች ይኸው ሦስተኛ ወሯ ነው።

አምስተኛ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠየቅን፤ በዕቅድ ተይዟል ተባልን። ውኃው ዕቅዱን አላነበበም።

ስድስተኛ፣ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ስጦታ ነው። በሳንሱሲ በኩል ለሌላ ማኅበር ቦታ ሊመረምሩ መሆኑን ስለሰማሁ፣ ጋሽ ዳባ በአንድ ሳምንት ያስተማሩኝን በነፃ አካፍልዎታለሁ። ሲሄዱ ማስታወቂያ አይላኩ። ጫማዎን ይቀይሩ። በየረድፉ የሰው ቁመት ያህል ያስቆፍሩ፤ አንድ ረድፍ የሌላውን ጠባይ አይወስድም። ከሥር ከወጣው አፈር ጭብጥ አድርገው በውኃ ለውሰው በመዳፍዎ መሐል ያንከባልሉት፤ ሳይቆረጥ እንደ ገመድ ከተመዘዘልዎ እዚያ ላይ ቤት አያሠሩ፤ ወይም ጥቁሩን አስወጥተው መሠረቱን ከሥር ካለው ጠንካራ መሬት ጋ ያድርሱ። ጉድጓዱን ውኃ ሞልተውበት ቁጭ ብለው ይጠብቁ። የአካባቢውን አጥር ይዩ፤ ቋሚው ሁሉ የሰከረ ከመሰለ ምክንያት አለው። በመጨረሻም የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፋሪውን ይፈልጉና ይጠይቁት፤ ሲመልስልዎ ደግሞ መሬቱን ሊወስድብኝ ነው ብለው አይፍሩ። ይህ ሁሉ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል።

ሰባተኛው የዛሬ ነው። ሌላውን ቢያልፉትም ይቺን ያንብቡልኝ።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት እናቴ በምትተኛበት ክፍል በጓሮው ግድግዳ ላይ ትናንት የለጠፍኩትን ወረቀት ተቀዶ አገኘሁት። ከግንበኛው ቱንቢ ተውሼ ከላይ ብለቅቀው ግድግዳው ወደ ውስጥ አራት ጣት አዘንብሏል። ትናንት ሁለት ነበር። የጋሽ ወልደሰንበት ግድግዳ ከመውደቁ በፊት ማን እንደለካው አላውቅም፤ የእኛ ግን ተለክቷል፣ እርስዎም አሁን ያውቁታል። ሰማዩን ከቢሮዎ መስኮት ማየት ይችላሉ፤ በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።

ታዲያ ለምን አትወጡም እንደሚሉ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ከፈረሙት ሰርኩላር ላይ «ቤቱን ለቆ የተገኘ አባል ዕጣውን እንደመለሰ ይቆጠራል» የሚለውን ያስታውሱታል? እናቴ በቃሏ ታውቀዋለች። ስምንት ዓመት ተራ ጠብቃ፣ ዕቁቧን አፍስሳ፣ ብሎኬት ተሸክማ ነው የገባችው። «ጓድ በዛብህ ራሳቸው ‹ውጪ፣ ቤትሽ አይነጠቅም› ካላሉኝ ከዚህ አልጋ አልነሣም» ብላለች። ብለምናት፣ ብጮኽባት፣ ባለቅስ «አንቺ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ልታስቀሪኝ ነው?» ነው መልሷ። በታችኛው ረድፍ ሌሎች ስድስት ቤተሰቦችም በዚሁ ምክንያት ቁጭ ብለዋል፤ ልጆቻቸውን ብቻ ወደ ላይኛው ረድፍ ልከዋል። በጉልበት እንዳወጣት አልጋዋ አራት ሰው ይፈልጋል። እኔና ዘሀራ አንዱን ጫፍ እንይዛለን፤ ወንዶቹ ግን «ትእዛዝ ይምጣ» እያሉ የገዛ እጃቸውን ያያሉ።

መግቢያም አለን። የቀበሌው አዳራሽ በዐለት ላይ የተሠራ ነው፣ ጋሽ ዳባ ይመሰክራሉ። ግን ለመስከረም ሁለት ለአሥረኛው በዓል በተዘጋጁ ቅስቶችና መፈክሮች ሞልቷል፤ ጓድ ደመቀም ያለ እርስዎ ቃል ቁልፉን አልሰጥም አሉ። መፈክሮቹ እንዳይረጥቡ እኮ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ከአብደላ ሱቅ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ በጣም በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ስብሰባው ስለ ቤት ነው ወይ ብላት ስልኩን ዘጋችው።

የምጠይቅዎ ገንዘብ አይደለም፣ ሲሚንቶ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፦ አዳራሹ ይከፈት፤ ዛሬ ማታ የወጣ ሰው ቤቱን አይነጠቅም። ቃለ ጉባኤ ላይ ባይገባም ግድ የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለሰጡን፣ ለስላሳችንን ስለጠጡልን፣ ግድግዳችንን በኖራ ስላሳመሩልን፣ ጋሽ ወልደሰንበትን በአበባ ጉንጉን ስለሸኙልን የታችኛው ረድፍ ነዋሪ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል፤ እኔም ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ዕለት በዕለት፣ ልክ እንደ ግድግዳችን፣ ወደ እርስዎ እያዘነበለ መሆኑን እየገለጽኩ እሰናበታለሁ።

ብርቅዬ ገብረአምላክ
የቤት ቁጥር 34፣ ታችኛው ረድፍ
ነሐሴ 1976 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለጋሽ ዳባ (ሦስተኛው ቅጂ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው፤ «ጥሩ ነው፣ ስድቡን ቀንሺ» ብለዋል። ቀንሻለሁ።)

ማሳሰቢያ፦ ስሜንና የቤት ቁጥሬን በሙሉ የጻፍኩት ሊይዘኝ የሚላከው ሰው ፈልጎ እንዳይደክም ነው፤ ቢመጣ ግን አደራዎን ከቤት ቁጥር ሠላሳ አራት አይፈልገኝ፣ በእግሩ ሲረግጥ ይፈርስበታል። ያለሁት አብደላ ሱቅ ስልኩ አጠገብ ነው፤ አብደላ ዛሬ ለሌላ ሰው አላስደውልም ብሎ መስመሩን ክፍት ትቶልኛል፣ ቁጥሩም በፖስታው ጀርባ ላይ አለ። ከአብደላ ሱቅ እስከ እናቴ አልጋ ስሮጥ አራት ደቂቃ ነው፤ ወንዶቹን ለመጥራት አምስት፣ አልጋውን ለማውጣት አሥር፣ አዳራሹ ለመድረስ ሃያ። ደምረው ይዩት። ጨለማ ላይ ቢደውሉ ስልኩን የሚያነሣ አያገኙም፤ ሁላችንም ታች ነን፣ አካፋ ይዘን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደውሉ።